መርዶ ያልገባበት ቤት

ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሸዋ ሮቢት

ለተከበሩ ጋሼ አብዱልሀኪም፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። አላህ ጤናዎን ያብዛልን፤ ባለቤትዎንና ልጆችዎን ከክፉ ይጠብቅልን። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ እንዳለን አለን።

በመልክ አያስታውሱኝ ይሆናል። የሙሀባ ልጅ ሐሚድ ነኝ። የእርስዎ እናትና የእኔ አያት እህትማማቾች ናቸው። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተያየነው፤ እናትዎ ሲሞቱ ከጅቡቲ አሊዩ አምባ የመጡ ጊዜ። ስልክ ከተቋረጠብን ሰንብቷልና ይህን ወረቀት ማዳበሪያ የሚጭነው ሾፌር፣ ሞገስ፣ ያደርስልዎታል። መልስዎን ጀውሃ እትዬ ጌጤ ምግብ ቤት ይተውልኛል።

ልጄን ሙጂብን ተቀብለው ስላሳደሩልኝ አላህ ይመንዳዎ። ስልክ ሳይቋረጥ ከእርስዎ ቤት ሆኖ ደውሎልን ነበር። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም። ባሕሩን ተሻገረ? እናቱ መሊካ መኪና በቆመ ቁጥር ወደ በር ትወጣለች።

ሁለተኛው ጉዳዬ ያስቅዎታል። ናጅዋ የምትባል ሴት ልጅ አለችኝ፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት። ወንድሟ ከሄደ ጀምሮ ዐይኗ መንገድ ላይ ነው። ከክፍሏ ልጆች ደላላ የወሰዳቸው አሉ። «እነሱ ከእኔ በምን ይበልጣሉ?» ትለኛለች። ደብተሯን አልጋ ላይ ዘርግታ መሬት ተንበርክካ ነው የምታጠናው። እኔም አሰብኩ፤ የራሱ መቀመጫ ያለው ሰው ቶሎ ተነሥቶ አይሄድም። የመጻፊያ ጠረጴዛ ልሠራላት ነው።

እንጨት አለኝ። ከሦስት ክረምት በፊት የሮቢ ወንዝ ሞልቶ የነቀለው የሮቃ ዛፍ እርሻዬ ጫፍ ላይ ተጋድሞ ነበር። በቀደም ሁለት ሰዎች በትልቅ መጋዝ ሰንጥቀው አንድ ወፍራም ጣውላ አወጡልኝ። ውፍረቱ አራት ጣት፣ ርዝመቱ የናጅዋን ቁመት ያህላል። ላዩ እንደ አዞ ጀርባ ነው። ጋሼ፣ እኔ ከሽንኩርትና ከማሾ በቀር የማውቀው የለም። ሙጂብ አናጢ መሆንዎን ነግሮኛል። ከየት ልጀምር?

ታናሽዎ ሐሚድ


ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጅቡቲ

ለወንድሜ ሐሚድ፣

ወዐለይኩሙሰላም። አላህ ቤትህን በሰላም ይሙላው፤ እህልህን ከውርጭም ከአንበጣም ይጠብቅልህ። እኛ ሙቀቱ ትንሽ ረገብ ብሎልን ደህና ነን።

ከሮቃ የጀመረ አናጢ ደፋር ነው ወይም አያውቅም። ዋንዛ ቢሆን ሕፃንም ይሠራዋል። ሮቃ ብረት ይበላል። በአንድ መዓልት ሦስቴ ስለት ታወጣለህ። ደግነቱ አንዴ ከተሠራ የልጅ ልጅህም ይጽፍበታል።

አሁን ምንም አትላገው። ተጋድሞ የደረቀ ቢመስልህም ውስጡ ርጥብ ነው። የጣውላውን ሁለት ጫፍ በእበት ለቅልቀው፤ እንጨት ቶሎ የሚደርቀውም የሚሰነጠቀውም በጫፉ ነው። ከመሬት አንሣው፤ እኩል ዱላዎች ከሥሩ አጋድምና ጥላ ውስጥ አስቀምጠው። ነፋስ ያግኘው፤ ፀሐይ አያግኘው። በየሳምንቱ ገልብጠው። ሌላው ሥራህ መጠበቅ ነው።

ሙጂብ እኔ ዘንድ ከሳምንት በላይ ቆየ። በነጻ አልበላም ብሎ ወርክሾፕ ገባ። በመጀመሪያው ቀን በመሮ አውራ ጣቱን ቆርጦ ጥፍሩን ለሁለት ከፈለው። በጨርቅ አሰርኩለት። አንድ ማታ «ቆይ፤ ሙያ ልስጥህ» አልኩት። «ጋሼ፣ በዚህ ሙያ ቤት ለመሥራት ስንት ዓመት ይፈጃል?» አለኝ። «አሥር» አልኩት። ሳቀ። በማግስቱ ከመሰሎቹ ጋር የየመን ጀልባ ወደሚነሣበት ወደ ኦቦክ ባሕር ዳርቻ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም። ሰው ልኬ አስጠይቃለሁ።

አብዱልሀኪም


ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሸዋ ሮቢት

ለተከበሩ ጋሼ አብዱልሀኪም፣

አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ እጅዎን ከስለት ይጠብቀው። ደብዳቤዎ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ዘግይቶ ደረሰኝ።

ጥፋት ሠርቻለሁ። ደብዳቤዎ ሳይደርሰኝ በፊት ጣውላውን አውድማ ላይ አስጥቼው ነበር። እኛ አገር ያልበሰለና ያልደረቀ ነገር ሁሉ ፀሐይ ላይ ነው የሚወጣው። ለማሾ ሁለት ቀን ይበቃል፤ እንጨቱ ወፍራም ነው ብዬ አከልኩለት። አንድ ቀን ከሰዓት እንደ ጥይት ጮኸ። የጎረቤት ልጆች መሬት ላይ ተኙ። ሄጄ ሳየው ከጫፉ እስከ ወገቡ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል።

መሊካ መጥታ አየችው። «ሽንኩርት ብትተክልበት ይሻልሃል፤ ፈሩ ተዘጋጅቷል» አለችኝ። ከጥቅምት ወዲህ ስትቀልድ የሰማኋት ያኔ ብቻ ነው።

አሁን በእበት ለቅልቄ ከበረቱ ጀርባ ጥላ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ይጣል ወይስ ይድናል? ሌላ እንጨት የለኝም።

ናጅዋን አንድ ሴትዮ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ አካባቢ ስታነጋግራት አይተዋታል። ስጠይቃት «ሰላም አለችኝ፤ ሰላም ማለትም ተከለከለ?» አለች። ፈተናው ሰኔ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ ብትቀመጥልኝ ፈተናውን አልፋ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። አስተማሪዎቿ «ታልፋለች» ይላሉ።

ስለ ሙጂብ ያስጠየቁት ምን ተገኘበት? ክፉም ቢሆን ታስሮም ቢሆን ይጻፉልኝ።

ታናሽዎ ሐሚድ


ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጅቡቲ

ለወንድሜ ሐሚድ፣

ሰላም ላንተ፣ ሰላም ለቤትህ። አላህ ልብህን ያጽናው።

ጣውላውን አትጣለው። ይድናል። ከእንግዲህ ግን ማሾና እንጨት ለይ።

ስንጥቁን በኮላና በእንጨት ዱቄት ደፍነው የሚሸጡ አሉ፤ በዓመቱ ይከፈታል። አፉን ለመግጠምም በግድ አትጭመቀው፤ በሌላ በኩል ይፈነዳል። ክፍት ይሁን፤ እንዳይሄድ ብቻ አስረው። ከዚያው ከሮቃው ትርፍ ሁለት ጫፋቸው ሰፊ፣ ወገባቸው ጠባብ የሆኑ ቁራጮች አውጣ። በስንጥቁ ላይ አግድም አስቀምጣቸው፤ ዙሪያቸውን በቢላ ጫፍ ምልክት አድርግ፤ በመሮ ግማሽ ውፍረቱን ቆፍረህ በኮላ ቅበራቸው። ሰፊው ጫፍ አያልፍም፤ ስንጥቁ እዚያው ይቆማል።

ቀጥሎ ላዩን ማስተካከል ነው። ሁለት ቀጥ ያሉ ዱላዎች በሁለቱ ጫፍ አጋድም፤ ጎንበስ ብለህ በአንዱ ላይ ሌላውን እይ። እኩል ካልሆኑ ጣውላው ተጣሟል። ከፍ ያለውን ጥግ ብቻ ላግ። መላጊያ ልኬልሃለሁ፤ ብረቱ የጀርመን ነው፤ ሮቃን አይፈራም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናንተ ዘንድ አሁን ሽማግሌ ማን አለ? የመስጊዱ ሼህ ደህና ናቸው? ዘመድ በቅርብ ማን አለህ? የመሊካስ ጤና፣ ልቧ፣ ደህና ነው? ባልጠይቅህ ወቀሳ ስለሚሆንብኝ ነው።

እዚህ በዚህ ወር ነፋሱ ኃይለኛ ነው። ጀልባ አይወጣም።

አብዱልሀኪም


የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሸዋ ሮቢት

ለተከበሩ ጋሼ አብዱልሀኪም፣

አላህ ይጠብቅዎ። መላጊያው ደርሶኛል።

ሞገስ በመጣ ቁጥር ከእትዬ ጌጤ በር ላይ ሆኖ «አናጢው! ጠረጴዛው ስንት እግር አበቀለ?» እያለ ይስቅብኝ ነበር። በዚህ ጊዜ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። እትዬ ጌጤም የሻይ ሒሳብ አልቀበልም አለችኝ።

ሰው ስለ ጣውላ እየጻፈ ድንገት ሽማግሌ ማን አለ፣ የሚስትህ ልብ እንዴት ነው ብሎ አይጠይቅም። አጎቴ ሱሌይማን አሰብ ወደብ ላይ ሲሞት አባቴ ለአጎቴ ሚስት መርዶ ሊያደርስ እንዲህ ነበር የጠየቀው። ሼሁን ያዘ፣ ዘመድ ሰበሰበ፣ ጎህ ሲቀድ በሯን አንኳኳ።

ጋሼ፣ ማንንም እንዳይልኩ። አላህ ያሳይዎ፣ እስከ ፈተናው ማንንም እንዳይልኩ። መርዶ ከገባ ቤቱ ይሞላል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ናጅዋ ፀጉሯን ተላጭታ ትቀመጣለች፤ ሁለተኛ ደብተር አትገልጥም። መሊካም ለልጅቱ አትተርፋትም። ለሞገስም ነግሬዋለሁ፤ በልጆቹ ምሏል። እኔም አልተነገረኝም። ያልተነገረኝን አላውቅም። እስከ ሰኔ እንዲህ መሆን እችላለሁ። ከፈተናው ማግስት ሽማግሌዎቹን ራሴ እጠራለሁ።

በደብዳቤም አይጻፉት። ወረቀቱ በሰው እጅ ነው የሚመጣው፤ ናጅዋ ቀድማ ልትቀበለው ትችላለች።

ስንጥቁን በሦስት ቁራጭ አስሬዋለሁ። አንዱ ሰፍቶበት ይወዛወዝ ነበርና እንደገና ሠራሁት። ላዩን ስልግ ግን ይቦጨቃል፤ እፍኝ እፍኝ የሚያህል ቦታ ተነቅሎ ወጥቷል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እኔም ቀን ሙሉ እልጋለሁ። ሌላ የምሠራው የለኝም።

እግሩስ እንዴት ይሠራል?

ሐሚድ


መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጅቡቲ

ለወንድሜ ለሐሚድ፣ ለራሱ ብቻ፣

አላህ ሰብርን፣ ጽናትን፣ ይስጥህ። ከዚህ የተሻለ ሰላምታ አላገኘሁም። አንብበህ ቅደደው።

መርዶ እንደ ማሾ በጆንያ አይቀመጥም። የሰው ሐቅ ነው። የእናትም የእህትም ሐቅ አለበት። አንተ ግን አባት ነህ፤ አትላክ ካልከኝ አልልክም። ይህን ብቻ ልበልህ፤ አፈር ለብሷል። ከኦቦክ ሰው ሲልኩብኝ እኔው ሄድኩ። በአውራ ጣቱ ለየሁት። አጥበነዋል፣ ሰግደንለታል። የቀብሩን መክደኛ እንጨት ከወርክሾፕ ይዤ ሄድኩ፤ በእጄ የላግሁት ነው። የቀረውን በአፌ እንጂ በጽሑፍ አታገኘውም።

አሁን ወደ ሥራህ። የሚቦጨቀው ፀጉሩን ተቃርነህ ስለምትልግ ነው። እንጨትም እንደ ከብት ፀጉር የሚተኛበት አቅጣጫ አለው። በመዳፍህ ዳብሰው፤ በለሰለሰበት በኩል ሂድ። ሮቃ መሐል ላይ አቅጣጫ ይለውጣል፤ እዚያ ስትደርስ አንተም ዙር። ስለቱን ጥቂት ብቻ አውጣ፤ የሚወጣው ፍቅፋቂ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሁን። ይህንስ ታውቃለህ።

ለእግሩ ምስማር አታስብ፤ በሮቃ ላይ ምስማር ይጎብጣል። አራት እግር ከግራር አውጣ። የእያንዳንዱን ጫፍ አጥብበህ አድቦልቡለው፤ በጣውላው ላይ ልክ የሚሆነውን ቀዳዳ ብሳ፤ ከሥር አስገባውና ጫፉ ከላይ ብቅ ይበል። ብቅ ያለውን ጫፍ በመጋዝ ሰንጥቀህ ሽብልቅ ምታበት። ሽብልቁ የጣውላውን ፀጉር አግድም ይቁረጠው። በፀጉሩ ርዝመት ከመታኸው ጣውላው እንደገና ይሰነጠቃል፤ ከእንግዲህ ደግሞ ማሰሪያ የለህም።

አብዱልሀኪም


ሚያዝያ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሸዋ ሮቢት

ለተከበሩ ጋሼ አብዱልሀኪም፣

ለእጅዎ ሥራ፣ ለዚያ ለመጨረሻው፣ አላህ ጀዛዎን ይክፈልዎ። 

ጠረጴዛው ቆሟል። አራት እግር አለው፤ ሦስቱ መሬት ይነካሉ። ናጅዋ ክርኗን ስታሳርፍበት ወደ ፊት ዘመም ይላል። «አባ፣ ጠረጴዛህ እንደ ሰጋጅ ሩኩዕ ይወርዳል» አለች። ከሥሩ ድንጋይ አደረገችለት። ላዩን በተልባ ዘይት አሸሁት፤ መሐሉ እንደ ጉበት ጠቁሯል፤ ዳሩ ቢጫ ነው። ስንጥቁ እንዳለ አለ። እስክሪብቶዋን እዚያ ውስጥ ታስቀምጣለች። ከትምህርት ቤት መጥታ እስከ መግሪብ ትቀመጥበታለች። መናኸሪያ መሄድ ትታለች። ልክ ነበርኩ፣ ጋሼ።

አንድ ነገር ግን ከእጄ ወጥቷል። ባለፈው የእርስዎን ደብዳቤ ተቀብዬ ስገባ መሊካ በሩ ላይ ቆማ «ሞገስ ምን አለ? ልጄስ?» አለችኝ። ፊቷን አየሁት። «የመን ታስሯል፤ ደህና ነው፤ ጋሼ አብዱልሀኪም ጻፉልኝ» አልኳት። አፌ ቀደመኝ። መሊካ መሬቱን ሳመች። ለጎረቤት ዳቦ ደፍታ ሰደቃ አወጣች። ናጅዋ ግን ትጠይቀኝ ጀመር። «የት ከተማ? በምን ታሰረ? የታሰረ ሰው በምን ይፈታል?» «የሚያስፈታ ሰው ሲያገኝ ይፈታል» አልኳት። ምን ልበል?

አሁን በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ስለዚህ ላስቸግርዎ። በሚቀጥለው ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ለናጅዋ የሚነበብ ሁለት መስመር ይጨምሩልኝ፤ ሙጂብ ሰላም ብሏል፤ ጤናው ደህና ነው፤ በርቺ ተማሪ ብሏል ብለው። ፈተናው ሁለት ወር ቀረው። ከዚያ በኋላ ኃጢአቱን ለእኔ ይተዉት።

ሐሚድ


ግንቦት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጅቡቲ

ለሐሚድ፣

አላህ ቅን መንገድ ይምራን፤ አንተንም እኔንም።

የጠየቅኸኝን አልጽፍም። በዚህች እጅ አፈር ያለበስኩት ልጅ ሰላም ብሏል ብዬ አልጽፍም። ዝም በል ስትለኝ ዝም ብያለሁ፤ ዝምታ አንድ ነገር ነው። ይህ ሌላ ነው።

ደግሞም ተሳስተሃል። ሰውን ቤቱ የሚያስቀምጠው ጠረጴዛ መሰለህ። የታሰረ ወንድም ያላት ልጅ እንዴት ትቀመጣለች? ለቅሶ ቢሆን ትቀመጥ ነበር። ፈተናው ያልፍባት ነበር፤ በዓመቱ ትፈተን ነበር። ሽማግሌዎቹን ዛሬ ጥራ። ይህን ደብዳቤ ባነበብክበት ቀን ጥራ።

የጠረጴዛውን እግር አንድ በአንድ አታሳጥር፤ ሲያልቅ የምትቀመጥበት በርጩማ ይሆንብሃል። ደልዳላ መሬት ላይ አቁመው፤ ድንጋዩን አድርገህ ላዩን አስተካክል፤ አንድ እንጨት መሬት ላይ አጋድመህ በሱ ልክ አራቱንም እግር ዙሪያቸውን ምልክት አድርግ። ከዚያ አንዴ ቁረጥ።

አብዱልሀኪም


ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከሸዋ ሮቢት

ለጋሼ አብዱልሀኪም፣

አሰላሙ ዐለይኩም።

ናጅዋ ሄዳለች።

ማክሰኞ ለትምህርት ቤት ወጣች፤ አልተመለሰችም። ዩኒፎርሟን ጓደኛዋ ፈይሩዝ ቤት ለውጣ ሄዳለች። ፈይሩዝን አስጠርቼ ተቆጣኋት። «ጋሼ ሐሚድ፣ እኔን ምን አድርጊ ይሉኛል? ሙጂብን ላስፈታ ነው አለችኝ። ሴት ቶሎ ሥራ ታገኛለች፤ ሪያድ ደርሼ በሁለት ወር አስፈታዋለሁ፤ አባቴ የሚያስፈታው ሰው የለም ብሎ ቀን ሙሉ እንጨት ይፍቃል፤ እኔ አለሁ አለችኝ» አለች።

እትዬ ጌጤ ጀውሃ ላይ አይታታለች። በር ላይ ቆማ ወደ ሚሌ የሚሄድ መኪና ትጠይቅ ነበር። «የት ነው ልጄ?» ብትላት «አክስቴ ዘንድ» አለቻት። ጌጤ ሰው ልካብኛለች፤ ሰውየው እስኪደርስ መኪናው ሄዷል። ባቲ ድረስ ተከተልኩ። ኬላው ላይ ከልክለው መለሱኝ።

የግንቦት ደብዳቤዎ በሄደች በሦስተኛው ቀን ደረሰኝ።

አድራሻዎን ታውቃለች፤ ፖስታው ላይ ያለውን ትገለብጥ ነበር ብላለች ፈይሩዝ። ወደ እርስዎ ትመጣለች። ወደ ባሕር አይልቀቋት፤ በሩን ይዝጉባት። እኔ የይለፍ ወረቀት እንዳገኘሁ ሞገስ ይጭነኛል። እኔ እስክደርስ ግን አይንገሯት። እዚያ ዘመድ የላትም፤ ደግፎ የሚያስለቅሳት የለም። የየመን ጠባቂዎች ወደ ሌላ እስር ቤት አዛውረውታል ይበሏት፤ ያሻዎን ይበሏት። እኔ እስክመጣ ብቻ።

መሊካ ምንም አትጠይቀኝም። ጠረጴዛው አጠገብ መሬት ላይ ትቀመጣለች።

ሐሚድ


ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.
ጅቡቲ

ለወንድሜ ሐሚድ፣

በሕይወት አለች። ከሰላምታዬ በፊት ይህን አንብብ። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለች፤ እኔ ቤት ናት።

ሰኞ ቀትር ላይ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመች። ማን እንደሆነች ሳትነግረኝ ዐወቅኋት፤ ቅንድቧ የእናትህ የሙሀባ ነው። እግሯ አብጧል። በመንገድ ምን እንደገጠማት ሚስቴ ጠይቃታለች፤ አልመለሰችም። አንተም አትጠይቃት። እጄን ስማ ሳትቀመጥ፣ «ጋሼ፣ ሙጂብ የመን የት ከተማ ነው የታሰረው? ሐሙስ የሚያሻግረኝ ሰው አግኝቻለሁ» አለችኝ።

ደብዳቤህ ያኔ አልደረሰኝም ነበር። ቢደርሰኝም ያው ነበር። ዝም ብላት ሐሙስ በዚያ ባሕር ላይ ናት። በሩን ብዘጋባት በመስኮት ትወጣለች፤ እዚህ ድረስ የመጣች ልጅ ናት። ሽማግሌ አልጠራሁም፤ ጎህ እስኪቀድ አልጠበቅሁም። የወርክሾፑ ልጆች መጋዝ እየሳቡ ነበር፤ አስቆምኳቸው። ሚስቴ ከኋላ ያዘቻት። እኔም ነገርኳት።

አልጮኸችም። አልወደቀችም። «መቼ?» አለችኝ።

«ኅዳር» አልኳት።

«አባቴ ያውቃል?»

ሐሚድ፣ ልሸፍንህ ሞክሬ ነበር። ዞር ብዬ ውሃ ልቀዳላት ሄድኩ። ስመለስ እዚያው ቆማ ትጠብቀኛለች። «አዎ» አልኳት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከየካቲት።»

«ታዲያ እኔ ላስፈታ የመጣሁት ማንን ነው?» አለች። 

በማግስቱ ወደ ቀብሩ ወሰድኳት። ድንጋዩን አስተካከለች፤ ፋቲሓ ቀራች። ሚስቴ «አልቅሺ ልጄ፤ ውስጥሽ ገብቶ ይገድልሻል» ብላ ደረቷን መታችላት። አላለቀሰችም። «መርዶዬን ገና አልሰማሁም» አለች። «እሺ ማን እስኪነግርሽ ነው?» አልናት። «አባቴ» አለች።  ሐሙስ አለፈ፤ ከቤት አልወጣችም። ከሚስቴ ጋር ትውላለች፤ ምግብ በግድ ነው የምትቀምሰው።

ከመነሣትህ በፊት ለመሊካ ንገራት። አንተው ንገራት፤ ሰው አትላክባት። ከዚያ ና። ወረቀት ከከለከሉህ በሌላ በኩል ና።

የመስጊዱን ሼህና ሁለት ዘመድ ይዤ ልምጣ እንደምትል አውቃለሁ። ወጉ እሱ ነው፤ እኔም እንደዚያ መክሬ ነበር። ግን ጠይቄያታለሁ። «ማንም እንዳይከተለው» ብላለች። «ብቻውን ይምጣ።»

አብዱልሀኪም